ልጄ ተጓዦቹን የሚቃወም ፊርማ ተጠይቃለች። ምን ልበላት?

ቀያሹ ከሆጤ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን የአገሬ ልጆች። የምጽፈው በተለይ እንግሊዝ ያላችሁ እንድትመልሱልኝ ነው።

ጡረተኛ ቀያሽ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ 31 ዓመት ሜትር ስጎትትና ችካል ስተክል ኖሬያለሁ። ሴት ልጄ እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ትኖራለች። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ያለፈው እሑድ ደወለችና «አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ፤ ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቷ ጀርባ ፈረስ የሚግጥበት ሜዳ ነበር። አንድ የአይሪሽ ትራቨለር ቤተሰብ ሜዳውን በገንዘቡ ገዛው። ትራቨለር ማለት ተጓዥ ነው፤ ከቦታ ቦታ የመዘዋወር ልማድ ያለው ሕዝብ። ከዚያ መሥሪያ ቤት በተከታታይ በሚዘጋበት የበዓል ሰሞን፣ ዓርብ ማታ፣ ገልባጭ መኪና ጠጠር እየጫነ ይመላለስ ጀመር። ሰኞ ሲነጋ ጠጠሩ ተደልድሏል፣ አጥሩ ቆሟል፣ 6 ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ተደርድሯል። ማክሰኞ የፈቃድ ማመልከቻው ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ዘንድ ገባ፤ ለ4 አባወራ። መሬቱ ደግሞ እነሱ ግሪን ቤልት የሚሉት ነው። አረንጓዴ ቀበቶ እንደማለት፣ ቤት የማይሠራበት።

አንዲት ጎረቤት አለቻት። ደግ ሴት ናት፤ ልጄ ሥራ ስታድር የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። የተቃውሞ ፊርማ ይዛ መጣች። ልጄ «ነገ እሰጥሻለሁ» ብላ ተቀበለቻትና ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ይኸው ስንት ቀኑ እዚያው ነው። «ብፈርም ለምን እንደምፈርም አላውቅም። ባልፈርም ከሰፈሩ ጋር መቀያየሜ ነው» ትለኛለች።

እኛ አገር ለዚህ ስም አለን፤ ጨረቃ ቤት። በሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ የሚገኝ። እኔም ጨረቃ ቤት ላይ ይፈርሳል የሚል ቀይ ምልክት የምቀባ ሰው ነበርኩ። አንዱን ልንገራችሁና ጥያቄዬን ልጨርስ።

ከየጎፍ ደን ግርጌ፣ በኮምቦልቻ በኩል፣ የደኑን ወሰን እንድናስከብር ተላክን። ወሰኑ ውስጥ 11 ቤት ተሠርቷል። እኔ ቀለሙን ይዣለሁ። ሰባተኛው ቤት ስደርስ ምርጊቱ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጭዱ ያብለጨልጫል። ኤክስ ስቀባ ቀለሙ እርጥቡ ጭቃ ላይ አልይዝ ብሎ ቁልቁል ፈሰሰ። እጄም ቀላ። ሴትየዋ ምንም አልተናገረችኝም። ገብታ ውሃ በጆግ አመጣችና እጄን አስታጠበችኝ።

በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ደኑ በመከበሩ አላዝንም፤ ዛሬ ያ ቦታ ዛፍ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የሞላሁት ቅጽ የባለቤት ስም፣ ስፋት፣ የግድግዳ ዓይነት፣ ጣሪያ የሚሉ አምዶች ነበሩት። «የት ይሄዳሉ» የሚል አምድ አልነበረውም። በፕላኑ ላይ ባዶ የሆነው ቦታ የቱ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልተናገርኩ።

እንግዲህ ለልጄ ምን ልበላት? እነዚህ ሰዎች የተከለከለ መሬት መርጠው የሚገቡት ለምንድን ነው? የእሷስ ፊርማ ምን ያመጣል?

---

የሰኞ ገበያ ልጅ (ኬንት)

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ያደግሁት ደሴ ሰኞ ገበያ ነው። ኬንት ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ። ክፍላችን ውስጥ የጂፕሲም የትራቨለርም ልጆች ስላሉ በቅርብ የማውቀውን ልንገርዎት።

ሁለቱ አንድ ሕዝብ አይደሉም። ጂፕሲ የሚባሉት ሮማኒዎች ዘራቸው ከህንድ የሚመዘዝ ነው፤ እንግሊዝ ከገቡ 500 ዓመት አልፏቸዋል። ከግብፅ የመጡ መስሏቸው ነው ሰዎች ይሄን ስም ያወጡላቸው። ትራቨለሮቹ ደግሞ ከአየርላንድ ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሁለቱ ተደምረው 71 ሺህ ያህል ነበሩ። ካራቫን ውስጥ የሚኖረው ከ5 አንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ቤት ገብቷል፤ አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ የሚያቆምበት አጥቶ።

ለምን የተከለከለ መሬት ላይ ይገባሉ ላሉት፣ ነገሩ ከሩቅ ነው የሚጀምረው። ድሮ እዚህ ኬንት የቢራ ጌሾ ለቀማ ሲደርስ፣ ፍራፍሬ ሲደርስ፣ ገበሬው ራሱ ነበር ማሳው ጥግ የሚያሳድራቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሕግ ወጣ። ገበሬው ያለፈቃድ ካራቫን ማሳደር አይችልም ተባለ። የወል ሜዳውንም ለካራቫን የመዝጋት ሥልጣን ለአካባቢ አስተዳደሮች ተሰጠ። በ1968 ሌላ ሕግ መጣና አስተዳደሮቹ ማረፊያ ሰፈር የማዘጋጀት ግዴታ ተጣለባቸው። ሠሩም። ግን የት? ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ፍሳሽ ማጣሪያ አጠገብ፣ የመኪና ድልድይ ሥር። ለንደን ውስጥ ዌስትዌይ ከሚባለው የአየር ላይ መንገድ ሥር እስከዛሬ ሰው የሚኖርበት ሰፈር አለ። በ1994 ያም ግዴታ ተሰረዘ። «ከእንግዲህ የራሳችሁን መሬት ገዝታችሁ ፈቃድ ጠይቁ» ተባሉ።

እስቲ እርስዎ ቀያሽ ነዎትና ያስቡት። ቤት እንዲሠራበት የተፈቀደ መሬት ዋጋው አይቀመስም። አንድ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችለው ከከተማ ወጣ ያለ ግጦሽ ነው። ከከተማ ወጣ ያለው ደግሞ በእኛ በኩል ብዙው ግሪን ቤልት ነው። ግዛ ያሉትን ገዛ። ኑርበት ግን አላሉትም።

አንድ ተማሪ ነበረን፣ 7 ዓመቱ። የመጣ ጊዜ ፊደል አያውቅም። ፈረስ ግን ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይነግርዎታል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከእኔ ጋር በየቀኑ 20 ደቂቃ እናነብ ነበር። ከዚያ ከመንገድ ዳር እንዲነሱ ትዕዛዝ ደረሳቸው። በነጋታው እናቱ ይዛው መጣች። ዝናብ ነበር። መጽሐፉን እንዳይርስ በሁለት ፌስታል ጠቅልላዋለች። «የትምህርት ቤቱ ነው፣ እንመልስ ብዬ» አለች። ልጁ ገጽ 14 ላይ የአይስክሬም እንጨት ሰክቷል፤ የደረስንበት ቦታ ነው። እንጨቱን አላወጣሁትም።

ቤታቸውም ሄጄ አውቃለሁ። ጫማ አውልቄ ነው የገባሁት። ሰሐን የሚታጠብበት ሳፋና እጅ የሚታጠብበት ሳፋ ለየብቻ ነው፤ ቢቀላቀል ሰሐኑን እስከመጣል ይደርሳሉ። እናቴን ነው ያስታወሱኝ። ቆሻሻ ናቸው ሲባል ስሰማ ያንን ቤት አስባለሁ።

ልጅዎን አትፈርሚ ይበሏት። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው።

---

የሮቢቱ (ኤሴክስ)

እኔ እቃወማለሁ። እህቴ የጻፈችው እውነት ነው፣ ልቤንም ነክቶኛል። ግን ሌላ ጎን አለው።

የምኖረው ከባሲልደን ብዙም ሳልርቅ ነው። ዴል ፋርም የሚባለውን ታሪክ እዚህ ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል። ቦታው ግማሹ ፈቃድ ያለው ሕጋዊ ሰፈር ነበር። ግማሹ ያለፈቃድ የተስፋፋ፣ ግሪን ቤልት ላይ ያለ። አስተዳደሩና ቤተሰቦቹ 10 ዓመት ያህል ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2011 ፖሊስ ገባ። 80 ያህል ቤተሰብ ተነሳ። ወጪው ከፖሊሱ ጋር ወደ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ብዙዎቹ ተነሥተው የት ሄዱ? እዚያው አጠገብ ያለው መንገድ ላይ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት መጀመሪያውኑ ሕግ መከበር እንዳለበት ነው። እናቴን ከሮቢት ላመጣት አስቤ ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ልጨምር አመልክቼ ነበር። ቤቴ ግሪን ቤልት ውስጥ ነውና ተከለከልኩ። ለንድፍ የከፈልኩት ገንዘብ ቀረ። በሌሊት አልሠራሁም። እናቴ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው፤ ጉልበቷን ያማታል። ታዲያ ሌላው በበዓል ሌሊት ጠጠር ደፍቶ ሲገባ ዝም በል ስባል ይከብደኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ እያወቁ ያለፈቃድ መሥራት ራሱ በማመልከቻው ላይ እንደ ጥፋት ይመዘናል። ጋሼ፣ ልጅዎ ብትፈርም ክፉ ሰው አያደርጋትም። የጎረቤትም ነገር አለ። ክፉ ቀን የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

---

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። የእንግሊዝን የፕላን ሥርዓት ለትምህርት ብዬ ብዙ አንብቤዋለሁ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል።

ግሪን ቤልት እንደ የጎፍ አይደለም። የጎፍን የምንጠብቀው ለዛፉ፣ ለአፈሩና ለምንጩ ነው። ግሪን ቤልት የሚጠበቀው ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ዋናው ዓላማው ከተሞች እየተለጠጡ እርስ በርስ እንዳይገጥሙ ማድረግ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል እየተሠራ እየተሠራ አንድ ከተማ እንዳይሆኑ መሐሉን ክፍት እንተወው እንደማለት ነው። ነገሩ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1955 መመሪያ በኋላ ነው። ዛሬ ከእንግሊዝ መሬት ከ12 ከመቶ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ውብ መሆን አይጠበቅበትም። ዴል ፋርም ራሱ ድሮ የቁራሌ ብረት ማከማቻ የነበረበት ቦታ ነው፤ ግን ግሪን ቤልት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የተጓዦች ሰፈር ግሪን ቤልት ላይ በመሠረቱ ተገቢ ያልሆነ ግንባታ ነው። የሚፈቀደው ጉዳቱን በግልጽ የሚበልጥ በጣም ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው፣ ሌላ መሄጃ መኖር አለመኖሩ፣ ሕመምተኛ መኖሩ፣ የልጆች ትምህርት ነው። የልጆች ጥቅም ከሁሉ ቀድሞ ይታያል።

ጋሼ «የት ይሄዳሉ የሚል አምድ አልነበረም» ያሉት ነገር እዚያ አምድ አለው። እያንዳንዱ የፕላን አስተዳደር ለሚቀጥሉት 5 ዓመታት የሚበቃ የተጓዦች ማረፊያ ቦታ ለይቶ መያዝ አለበት። ብዙዎቹ የላቸውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ደግሞ መንግሥት ግሬይ ቤልት የሚል ነገር አመጣ፤ ግራጫ ቀበቶ። ከግሪን ቤልቱ ውስጥ ዓላማውን ያን ያህል የማያገለግለውን መሬት ነው። አስተዳደሩ የ5 ዓመቱን ቦታ ካላዘጋጀና መሬቱ እንደ ትምህርት ቤትና ሕክምና ላለ አገልግሎት ቅርብ ከሆነ፣ እዚያ ላይ የተጓዦች ሰፈር ተገቢ ያልሆነ ግንባታ መባሉ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ልጅዎ ከሁሉ በፊት ልትጠይቅ የሚገባት ይሄን ነው። የእነሱ አካባቢ የ5 ዓመት ቦታ አለው ወይስ የለውም? መልሱ ከካውንስሉ ሰነዶች ውስጥ አይጠፋም።

አንድ ፍርድ ልጨምር። ቻፕማን የምትባል ጂፕሲ ሴት ግሪን ቤልት ውስጥ በገዛችው መሬት ላይ እንዳትኖር ተከልክላ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2001 10 ለ7 በሆነ ድምፅ ተረታች። ግን እዚያው ፍርድ ውስጥ መንግሥት የጂፕሲዎችን አኗኗር የማመቻቸት ግዴታ አለበት ተብሎ ተጻፈ። እሷ ተሸንፋ ሌሎች የሚጠቅሱትን ቃል ትታላቸው ሄደች።

ስለ ፊርማው። እዚያ የሚመዘነው ምክንያት ነው፣ የፊርማ ብዛት አይደለም። መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ጎርፍ፣ መልክዓ ምድር፣ የትምህርት ቤት ቦታ፤ እነዚህ ይታያሉ። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል የሚለው አይታይም። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገርማ ጭራሽ። የጎርፉን ነገር ግን በደንብ ትይ፤ ሰው በቋሚነት የሚኖርበት ካራቫን ለጎርፍ እጅግ ተጋላጭ ከሚባሉት ተርታ ነው።

የሌሊቱን ጠጠር እኔም አልደግፍም። የሮቢቱ ልጅ እናቱን በተመለከተ የተናገረው እውነት ያማል። ግን እሱ ሲከለከል የሚመለስበት ቤት ነበረው። እነሱ ሲከለከሉ የሚመለሱት መንገድ ዳር ነው።

---

የባቲዋ (ባቲ)

እኔ ስለ እንግሊዝ አላውቅም። ስለሚዘዋወር ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ።

የእኛ የሰኞ ገበያ የሚቆመው ከአፋር በሚወጣውና ከደጋ በሚወርደው ሰው ነው። በጋ ሲጠና አፋሩ ከብቱን ነድቶ ጨፋ ድረስ ይሄዳል፤ የቦርከና ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ስለሆነ ሣር አይጠፋም። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር። በሚያልፉበት በኩል ያለውን ማሳችንን ጫፍ ሳያርስ ይተወው ነበር፤ ስፋቱ 8 እርምጃ። ጎረቤት «መሬት ታባክናለህ» ሲለው «ይህን ባልተው በማሽላው መሐል ያልፋሉ፣ ያኔ እጣላለሁ» ይላል። አሁን ያ ጫፍ ታርሷል። ጠቡም አለ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደር የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። 8 እርምጃው ግን በማን ማሳ በኩል እንደሚያልፍ መለካት አለበት። ያ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ሥራ ነው። አብሽሩ ጋሼ፣ ልጅዎ አስተዋይ ናት።

---

ቀያሹ ከሆጤ (ደሴ)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም በስልክ አነበብኩላት። የኬንቷ ልጅ የጻፈችው የአይስክሬም እንጨት ላይ ስደርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የካውንስሉን ድረ ገጽ ከፍታ የማመልከቻውን ፋይል አገኘችው። የቦታውን ፕላን በቴሌግራም ላከችልኝ፤ 1 ለ500 ነው። ፒያሳ ወርጄ በትልቁ አሳተምኩትና መነጽሬን አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የከፍታ መስመሮቹ ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። በታችኛው ጫፍ ቦይ አለ። ሦስተኛውና አራተኛው አባወራ የተቀመጡት ልክ ቦዩ አጠገብ ነው። የፍሳሽ ታንከሩም እዚያው። የቦርከና ማዶው ልጅ ስለ ጎርፍ ያነሳው ነገር ባይኖር አላየውም ነበር። ከላይ በኩል ባዶ ቦታ እያለ ለምን እንደወረዱ ገባኝ። ከመንደሩ መስኮት እንዳይታዩ ብለው ነው። ሰው እንዳያያቸው ብለው ልጆቻቸውን ውሃ ላይ አስቀመጡ። በእርሳስ ሁለቱን 12 ሜትር ወደ ላይ ገፋኋቸው። በመስኮቱ በኩል የቁጥቋጦ አጥር አሰመርኩ። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።

የ5 ዓመቱንም ጠየቀች። የራሳቸው ሰነድ ላይ በቂ ቦታ እንደሌላቸው ተጽፏል።

ፊርማውን አልፈረመችም። ወረቀቱን ከፍሪጁ አንሥታ ራሷ ጎረቤቷ ቤት ይዛው ሄደች። ሻይ ጠጡ። «ካንቺ አልጣላም፣ ግን የራሴን ልጻፍ» አለቻት። ጎረቤቷ ፊቷ ጠቆረ፤ ብዙም አላወራችም። በነጋታው ግን 8 ሰዓት ከሩብ ላይ በሩን አንኳኩታ የልጅ ልጆቼን እንደወትሮው ይዛ ሄደች። 8 ሰዓት ያልኩት በእነሱ ነው፣ ጠዋት።

የሮቢቱ ልጅ፣ አንተን አልረሳሁም። የእናትህ ነገር ከነከነኝ። የቤትህን ፕላን ብትልክልኝ አየዋለሁ፤ ያለውን ክፍል አሸጋሽጎ አንድ አልጋ የሚገባበት ነገር አይጠፋም ይሆናል።

ልጄ አስተያየቷን አንድ ገጽ አድርጋ ጽፋለች። ጠጠሩ በሌሊት መግባቱ ልክ እንዳልሆነ ጽፋለች። ስለ ቦዩ ጽፋለች። ከዚያ «እነዚህ 4 ቤተሰቦች ከዚህ ቢነሱ የሚሄዱበትን ቦታ ካውንስሉ ለይቷል ወይ? ከሆነ የት ነው?» ብላ ጠየቀች። ስሟንና አድራሻዋን ከሥሩ አደረገች፤ ሰው ሁሉ እንደሚያየው እያወቀች።

አሁን ለቦርከና ማዶው አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ትናንት ከሥራ ስትመለስ በአጥሩ ጥግ ሄዳ የቦዩን ጥልቀት በልብስ ስፌት ሜትር ለካችልኝ፤ 80 ሴንቲ። ከካራቫኖቹ አንዲት ልጅ ወጥታ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዘችላትና ወርዱንም ለኩት፤ አንድ ሜትር ከ10። ተዳፋቱ በ50 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። ጠጠሩ ከተደለደለ በኋላ ያን ሁሉ የዝናብ ውሃ ይሄ ቦይ ይችለዋል ወይስ ይሰፋ?